የአንባቢያን ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ እያስተማርኩ ደራሲ መሆን እችላለሁ?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ጽሕፈት ሙያ የሚጠይቁ ናቸው። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ላይ ብዙ እቆያለሁ። እኔም የሄድኩበት መንገድ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? 27 ዓመቴ ነው። በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተመርቄ አዘዞ አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። አጫጭር ልብ ወለዶች እጽፋለሁ። 11 ደርሰዋል፣ አንዱም አልታተመም። ሕልሜ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የፈጠራ ጽሑፍ ማስተማርና ጎን ለጎን መጻፍ ነው። አባቴ “ድርሰት እንጀራ አይሆንም፣ በማታ አካውንቲንግ ጀምሪ” ይሉኛል። ጓደኞቼ ደግሞ “ዩኒቨርሲቲ የገባ ደራሲ ብዕሩ ይደርቃል” ይላሉ። ማንን ልስማ? የማራኪዋ ነኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባትሽን እንዳትቀየሚያቸው። ልጁ ተቸግራ ማየት የሚፈልግ አባት የለም። ደግሞ የሚሉት ነገር መሬት ላይ ያለ ነው። እኛ አገር በመጽሐፍ ሽያጭ ብቻ ኪራይ ከፍሎ፣ ልጅ አሳድጎ የሚኖር ደራሲ በጣት የሚቆጠር ነው። አብዛኛው ሌላ ሥራ አለው። የኛውን የጎንደር ልጅ ብርሃኑ ዘሪሁንን ውሰጂ። ልብ ወለዶቹን ሲጽፍ እንጀራው ጋዜጠኝነት ነበር፤ አዲስ ዘመን ጋዜጣንም በዋና አዘጋጅነት መርቷል። ደበበ ሰይፉን እንደ ገጣሚ ታውቂዋለሽ፣ ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ያስተምር ነበር። ስለዚህ “ድርሰት እንጀራ ይሆናል” ብለሽ ከአባትሽ ጋር አትከራከሪ። “እንጀራዬ ማስተማር ነው፣ ድርሰቱን ግን አልተውም” በያቸው። አካውንቲንጉን ፍላጎቱ ከሌለሽ አትጀምሪው። የማታ ትምህርት የሚበላብሽ ያችኑ የምትጽፊባትን ሰዓት ነው።

የደበበን ስም ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። አንቺም ክፍል ገብተሽ “መቼት” እያልሽ የምታስተምሪው ቃል አለ አይደል? “መቼ” እና “የት” ተጋጥመው የተሠራ ቃል ነው። ብዙዎች የደበበ ሥራ ነው ይላሉ። የሚጽፍ ሰው ሲያስተምር እንዲህ ነው፤ ተማሪው ፊት ቆሞ ቃል ይቸግረዋል፣ ሲቸግረው ይፈጥራል። ማስተማር ብዕር ያደርቃል ለሚሉሽ ጓደኞችሽ ይህን ንገሪያቸው።

ይሁንና ጓደኞችሽ ከመሬት ተነስተው አላወሩም። ዩኒቨርሲቲ የገቡና መጻፍ ያቆሙ ሰዎች አውቃለሁ። አንዱ እኔ ነበርኩ። ወደዚያ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን በሩ እንዴት እንደሚከፈት ልንገርሽ።

ዩኒቨርሲቲ የሚቀጥርሽ በ11ዱ ልብ ወለዶችሽ አይደለም። ይህን ከአሁኑ ተቀበይው። የሚቀጥርሽ በዲግሪሽ፣ በውጤትሽ፣ በፈተናና በቃለ መጠይቅ፣ ብዙ ጊዜም ቆመሽ በምታሳዪው የማሳያ ትምህርት ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ በረዳት ምሩቅነት የሚገባበት ዕድል ጠቧል። አሁን በአብዛኛው የሚፈለገው ሁለተኛ ዲግሪ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ደግሞ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ ጋት የሚሉትን፣ ማለፍ አለብሽ። ፈተናው ስለ ልብ ወለድ አይጠይቅሽም፤ የእንግሊዝኛ ንባብ፣ ስሌትና ምክንያታዊ አስተሳሰብ ነው። የአማርኛ ምሩቃን የሚሰናከሉት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነውና ሦስት አራት ወር ቀደም ብለሽ ተዘጋጂ። በማስታወቂያ ጊዜ ለሴት አመልካቾች የድጋፍ ነጥብ የሚሰጡ ተቋማት አሉ። በደንብ አንብቢው፣ አትፈሪ፣ ተጠቀሚበት።

ከገባሽ በኋላ መሰላሉ ይህ ነው፤ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር። ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያወጣሽ በዋናነት በጆርናል የወጣ ጥናት ነው። ልብ ወለድ መጽሐፍሽ ለዕድገት ይቆጠር እንደሆነና በምን ያህል እንደሚቆጠር የምትገቢበትን ዩኒቨርሲቲ መመሪያ ጠይቀሽ ተረጂ፣ በወሬ አትመኚ። የሚጠበቅብሽም ሥራ ሦስት ነው፤ ማስተማር፣ መመራመርና የማኅበረሰብ አገልግሎት። ዝርዝሩ ውስጥ “ድርሰት መጻፍ” የሚል የለም። ዩኒቨርሲቲው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ የተቋቋመበት ሥራ ሌላ ስለሆነ ነው። ደሞዙ ለማስተማሩና ለጥናቱ ነው። ድርሰቱን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ።

ሌላም አለ። “የፈጠራ ጽሑፍ” እኛ አገር ብዙ ጊዜ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል አይደለም። በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ ያለ አንድ ወይም ሁለት ኮርስ ነው። ያቺንም ኮርስ ከአንቺ በፊት የገቡ መምህራን ይፈልጓታል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሰዋስው፣ መሠረታዊ የጽሕፈት ክህሎት፣ ምናልባትም ፎክሎር፣ ማለትም ሥነ ቃል፣ ልታስተምሪ ትችያለሽ። ፎክሎር ከደረሰሽ ደስ ይበልሽ። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ርዕስሽንም ከዚያው ብትመርጪ እመክርሻለሁ። የሙሾ ግጥም ሰብስቢ። የአዝማሪ ግጥም ሰብስቢ፣ ጎንደር ተቀምጦ አዝማሪ አጣሁ የሚል የለም። ድምፅ ቀድተሽ፣ ቃል በቃል ወደ ወረቀት ስትገለብጪ፣ ሰው እንዴት እንደሚናገር፣ የት ላይ እንደሚቆም፣ ሐዘኑን በየትኛው ቃል እንደሚሸፍን ጆሮሽ ይማራል። ጥናቱ ለዕድገትሽ ይሆናል፣ ጆሮሽ ለልብ ወለድሽ ይሆናል።

ሁለተኛ ዲግሪውን ወይም ሦስተኛውን ተቋም ከፍሎ ካስተማረሽ የአገልግሎት ውል ትፈርሚያለሽ፣ ዋስም ትጠሪያለሽ። ስንት ዓመት እንደምታገለግዪ፣ ብትለቂ ምን እንደምትከፍዪ ሳታነቢ አትፈርሚ። ዋስሽ የሚሆኑት አባትሽ ከሆኑ ደግሞ አብራችሁ አንብቡት።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ማስተማር ስጀምር አራት ሴክሽን ተሰጠኝ። የፈተና ወረቀቱ ጠረጴዛዬን ሞልቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ግማሽ የደረሰ ልብ ወለድ ነበረኝ፤ “ይህ ሴሚስተር ይለፍ” አልኩ። ሴሚስተሩ አለፈ። ክረምቱ ሲመጣ የክረምት ተማሪ መጣ። ረቂቁ ቁም ሳጥን ላይ፣ የልጄ የክርስትና ልብስ ካለበት ካርቶን ስር፣ ሰባት ዓመት ተቀመጠ። ሳወርደው ጠርዙን አይጥ በልቶታል። ከዚያ የባሰው ግን ሳነበው የዋናዋን ገፀ ባህርይ ድምፅ አለማወቄ ነው። ስትናገር ስሰማት የነበረችው ልጅ ሄዳለች። እንደገና ስጀምረው ሌላ መጽሐፍ ሆነ። የመጀመሪያውን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ይህ በአንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። ማንም አልከለከለኝም፣ ጊዜውን ራሴ ነኝ አሳልፌ የሰጠሁት።

ያዳነኝ ነገር ቢኖር የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ነው። ልጅ ሆኜ ትንሽ ቅኔ ቆጥሬ፣ ማለትም ሠርቼ፣ ነበር። ለቅኔ የሚጠራው ጎጃም ነው፣ ጎንደር በአቋቋምና በትርጓሜ ነው ስሟ የሚነሳው፤ ቢሆንም ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤት ይጀምራል፣ ከጉባኤ ቃና። ሁለት መስመር ብቻ። ግን ቆጠራው በየዕለቱ ነው። ለየኔታ ይናገራል፣ የኔታ ያርማሉ፣ ሌሎቹ ይሰማሉ። ነገ ሌላ አዲስ ይቆጥራል፣ የትናንቱን መድገም የለም። ሁለቱን ሲችል ወደ ሦስት ቤት ይወጣል። አሜሪካ፣ አይዋ ዩኒቨርሲቲ፣ ዝነኛው የደራሲያን ወርክሾፕ የተጀመረው በ1936 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ተማሪው የጻፈውን ያመጣል፣ ጓደኞቹና መምህሩ ፊቱ ላይ ይተቹታል። የኛ የኔታዎች ከዚያ ብዙ ዘመን በፊት በዛፍ ጥላ ስር ይህን ያደርጉ ነበር። ስለዚህ “የፈጠራ ጽሑፍ ማስተማር ይቻላል ወይ” ለሚሉሽ መልስ አታጪም።

እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ጠዋት ከ11 እስከ 12 ሰዓት፣ ቤተሰቡ ሳይነሳ፣ አንድ ገጽ። ጥሩ ይሁን መጥፎ፣ አንድ ገጽ። የፈተና ሳምንት ላይ ግማሽ ገጽ። አንቺም ሰዓትሽን አሁን፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ እያለሽ፣ አበጂው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ አበጀዋለሁ ያልሽው ሰዓት ስትገቢ አይጠብቅሽም።

ስለ ማስተማሩ ደግሞ አንድ ትዝታ። የመጀመሪያ የፈጠራ ጽሑፍ ክፍሌ ውስጥ አንድ ዝም የሚል ልጅ ነበር። ስለ ከተማችሁ ጻፉ ስላቸው “ጎንደር ጥንታዊና ውብ ከተማ ናት” ብሎ ጀምሮ ፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ ጥምቀትን እስከ መጨረሻው ዘረዘረ። ስህተት የለበትም፣ ግን በዚያ ገጽ ላይ አንድም ሰው የለም። ወረቀቱን መለስኩለትና “ቅዳሜ ገበያ ሂድ፣ አንድ ሰው ምረጥ፣ አንድ ሰዓት ቆመህ እጁን ብቻ እይ” አልኩት። በሳምንቱ ስምንት መስመር ይዞ መጣ። ጌሾ የምትሸጥ አሮጊት ናት። የመጀመሪያው ገበያተኛ የሰጣትን ብር ሳመችው፣ ግንባሯን አስነካችው፣ ከዚያ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። የሁለተኛውን ግን ሳታየው ከጌሾው ስር ወሸቀችው። ልጁ የጻፈው ይህንን ብቻ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ “እናቴ ናት” አለች፤ እናቷ ማለቷ አልነበረም፣ እናቷም እንደዚያ ታደርጋለች ማለቷ ነው። ያን ቀን ቤቴ ስገባ እኔም ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ማስተማር ብዕር ያደርቃል የሚለው ነገር የማይዋጥልኝ ለዚህ ነው። የሚያደርቀው ወረቀቱ፣ ስብሰባው፣ ዛሬ ነገ ማለቱ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ማድረግ የምትችዪውን ልንገርሽ። ከ11ዱ የተሻሉትን ሦስት ለዪ። አንዱን ለመጽሔት ላኪ። አንዱን ለሬዲዮ ትረካ ስጪ፤ ጮክ ተብሎ የሚነበብ ጽሑፍ የሚያነክስበት ቦታ ወዲያው ይታወቃል። ሦስተኛውን ከተማው ውስጥ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ሲኖር ራስሽ አንብቢው። ትምህርት ቤትሽም ውስጥ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ካልተቋቋመ አቋቁሚ። አሥር ልጆች ይበቃሉ። አንድ ቀን በቃለ መጠይቅ ላይ “ፈጠራ ጽሑፍ አስተምረሽ ታውቂያለሽ?” ሲሉሽ የምትመልሺው ይኖርሻል። ታሪኮችሽን ስትልኪ “ይሰርቁኛል” ብለሽ አትስጊ፤ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የጻፍሽው ነገር ገና ከእጅሽ ሲወጣ ያንቺ ነው፣ የኢኮኖሚ መብቱም በሕይወት ዘመንሽና ካለፍሽ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ረቂቅሽን ከነቀኑ ኢሜይልሽ ላይ አስቀምጪ፣ ያ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከጎንደር ፒያሳ ነኝ። በእንግሊዝኛ ነው የምጽፈው። አሜሪካ ሄጄ ኤምኤፍኤ ልማርና እዚያው ፕሮፌሰር ልሁን እያልኩ ነው። መንገዱን ያሳዩኝ፣ ገንዘብ የለኝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብ ስለሌለህ ብቻ አትተወው፣ ግን ፍለጋህን በዚያ ልክ አድርግ። ኤምኤፍኤ በፈጠራ ጽሑፍ የሚሰጥ ዲግሪ ነው፣ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይፈጃል። በሙያው የመጨረሻ ዲግሪ ተደርጎ ስለሚቆጠር በእሱ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ይቻላል። ሙሉ ክፍያውን የሚሸፍኑና የኪስ ገንዘብ የሚሰጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ በለውጡ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ጽሕፈት ታስተምራለህ። የምታመለክተው ለእነሱ ብቻ ነው። የማይሸፍን ፕሮግራም ተቀብሎህ ደስ ብሎህ ዕዳ ውስጥ እንዳትገባ፤ ለቪዛውም ወጪህን እንደምትችል ማሳየት ይጠበቅብሃል፣ ያለ ሙሉ ድጋፍ ይከብድሃል።

ከማመልከቻው ሁሉ የሚመዝነው የጽሑፍ ናሙናህ ነው። ትራንስክሪፕት፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ይጠይቁሃል፣ ወሳኙ ግን ያቺ ናሙና ናት። አንድ ዓመት ሙሉ በሁለት ታሪክ ላይ ብትሠራ አልበዛም። ቀነ ገደቡ ብዙ ጊዜ እንደ ፈረንጆቹ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ውስጥ ነው። የማመልከቻ ክፍያ አላቸው፤ አቅም ለሌለው የሚያነሱ ስላሉ ከመክፈልህ በፊት ጻፍላቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ሳልሸፍን ልንገርህ። ቋሚ የፕሮፌሰርነት ቦታ ጥቂት ነው፣ አመልካቹ ብዙ ነው፣ ዲግሪ ብቻ ሳይሆን የታተመ መጽሐፍ ይፈልጋሉ። ብዙ ምሩቃን በኮርስ ሒሳብ እየተከፈላቸው ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው ይሮጣሉ። እዚያ የደረሱ የኛ ሰዎች አሉ፤ አዲስ አበባ የተወለደው ዲናው መንግሥቱ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኤምኤፍኤ ተምሮ ባርድ ኮሌጅ ያስተምራል። እሱ ግን በልጅነቱ ሄዶ እዚያው ያደገ ነው፣ አንተ ከፒያሳ ተነስተህ በአንድ ዓመት እሱ ያለበት እንድትደርስ አትጠብቅ። መጽሐፍ ካሳተምክ በኋላ ሌላም በር አለ፤ አይዋ ከ1967 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ከየአገሩ ደራሲያንን ለጥቂት ወራት የሚጋብዝ ዓለም አቀፍ የጽሕፈት ፕሮግራም አለው፣ ለዚያ ዲግሪ መማር አይጠበቅብህም። ደግሞ እባክህ፣ አማርኛህን አትጣል። ናሙናህን የሚያነቡት ሰዎች ሺህ ጊዜ ያነበቡትን እንግሊዝኛ ሳይሆን ጎንደር፣ ጃንተከል ዋርካ ስር ያደገ ልጅ የሚሰማውን ድምፅ ስጣቸው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአዘጋጁ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልብ ወለዴ አልቋል። ዕቁብ ደርሶኛል፣ ማተሚያ ቤቱ 3,000 ኮፒ ካሳተሙ በጣም ይረክስልዎታል አለኝ። ላሳትም?

መልስ፦ መምህር፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ መጨረስ ቀላል ነገር አይደለም። 3,000ውን ግን አያሳትሙ። ማተሚያ ቤቱ አልዋሸዎትም። የማሽኑ ዝግጅትና ፕሌቱ ለ500ም ለ3,000ም ያው ስለሆነ ኮፒው ሲበዛ የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። የሚረክሰው ግን አንዱ ኮፒ ነው፤ እርስዎ የሚከፍሉት ጠቅላላ ገንዘብ ይጨምራል። ያልተሸጠው መጽሐፍ የሚቀመጠው ደግሞ የእርስዎ ሳሎን ውስጥ ነው። አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ ላይ ድርሻውን ይቆርጣል፣ ብሩንም ብዙ ጊዜ የሚሰጥዎት ከተሸጠ በኋላ ነው።

ከሦስት ማተሚያ ቤት የዋጋ ማቅረቢያ ይጠይቁ፤ አንዱን ከአዲስ አበባ፣ የትራንስፖርቱን ጨምረው ያስሉ። በ500 ይጀምሩ። ከዕቁቡ ላይ መጀመሪያ ለአርታኢ ይክፈሉ። እርስዎ ስንት ዓመት የተማሪ ድርሰት አርመዋል፣ የራስን ግን ዓይን ይዘለዋል፤ እኔም የራሴን ያሳረምኩት በሌላ ሰው ነው። የቀድሞ ተማሪዎችዎን ስም ዝርዝር ያውጡ። የመጀመሪያዎቹን 100 ኮፒ የሚገዙት እነሱ ናቸውና ከማተሚያ ቤቱ በፊት ለእነሱ ይደውሉ።